በፊቱ የተደፋው ማጥቀሻ

አቮካዶውን መጀመሪያ በአውራ ጣቷ ጫን ታደርገዋለች። እሺ ካላት ደርሷል፤ እንቢ ካላት ወደ መስኮቱ ጫፍ ይመለሳል። እሺ ያላትን በርዝመቱ ዙሪያውን ትሰነጥቅና ሁለቱን ግማሾች ወዲህና ወዲያ ጠምዘዝ አድርጋ ታላቅቃቸዋለች። ፍሬው በማንኪያ ይወጣል። ሥጋው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ እንደገባ ሎሚ ይጨመቅበታል፤ አቮካዶ አየር ሲነካው ስለሚጠቁር ሎሚው አይዘገይም። ከዚያ በሹካ ትደፈጥጠዋለች። ልሙጥ እስኪሆን ግን አይደለም፤ ጥርስ የሚያገኘው ጉብጉብ ያለ ነገር መቅረት አለበት። ጨው፣ ጥቂት ነጭ ሽንኩርት፣ በቃ።

ሌላው ሁሉ ቀደም ብሎ ተሰናድቷል። ቦሎቄው ተቀቅሎ፣ በዘይት ከቀላ ሽንኩርትና ከትንሽ ከሙን ጋር ተጨፍልቆ ቀዝቅዟል፤ ትኩሱን ከተጠቀመችበት በላዩ የሚመጣውን ሁሉ ያቀልጠዋል። እርጎው በንጹሕ ጨርቅ ተቋጥሮ ቧንቧው ላይ ተንጠልጥሎ ስላደረ ውሃው ወርዶለታል። ቲማቲሙ ፍሬው ወጥቶ በትንንሹ ተከትፏል፤ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከድንብላል ቅጠል ጋር ወንፊት ላይ ተቀምጦ ውሃውን እያንጠባጠበ ነው። ቺዙ ተፈቅፍቋል።

አሁን የመስታወት ሳህኑን ትስባለች። ቦሎቄውን በማንኪያ እየቆረሰች ታስገባና በማንኪያው ጀርባ ትደለድለዋለች። ስትደለድል ድምፅ አውጥታ «ከታች» ትላለች። ለማንም አይደለም የምትለው። በላዩ አቮካዶ፣ በአቮካዶው ላይ እርጎ፣ በእርጎው ላይ ቲማቲም፣ ከሁሉ በላይ ቺዝ። ከጎኑ የበቆሎ ቺፕስ ይቀርባል። እየጠቀሱ መብላት ነው።

ይህን ሙያ ያስተማራት ቅናት ነው። «ከታች» የምትለውም ስለዚያ ነው።

ሴትዮዋ ሶፋ ሠሪ ናት። የእንጨት አጽሙን አንድ ሽማግሌ አናጢ ያቆምላታል፤ ማልበሱ የእሷ ነው። የወንበር መቀመጫ ስትሠራ መጀመሪያ ጨርቁን በፊቱ ደፍታ ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋዋለች። በላዩ ስስ ጥጥ፣ በጥጡ ላይ ስፖንጅ፣ በስፖንጁ ላይ ጣውላ ይመጣል። ጣውላውን በጉልበቷ ተጭና የጨርቁን ጠርዝ ዙሪያውን እየሳበች በስቴፕለር ትመታዋለች። ሲያልቅ ትገለብጠዋለች፤ ፊቱ ያኔ ይታያል። ዕድሜዋን ሙሉ የምትጀምረው ከፊቱ ነው፤ የምትጨርሰውም በመገልበጥ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ጣጣ ታመጣለች።

ከልጇ አባት ጋር ከተለያዩ ቆይቷል። ጠብ የላቸውም። ሰውየው ሌላ ሚስት አግብቷል፤ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ጥፍሯ ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነች፣ ከሶፋ ሠሪዋ በዕድሜ ትንሽ የምታንስ ሴት ናት። ልጅቷ «እትዬ» ትላታለች። ሶፋ ሠሪዋ ከኋላዋ «ያቺ» ትላታለች፤ በር ላይ ከተገናኙ ደግሞ «እርስዎ»። እርስዎ የምትላት ለአክብሮት እንዳይመስላችሁ፤ ለአጥር ነው።

ልጅቷን ሁሉም ሚጡ ይላታል። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሑድን አባቷ ዘንድ ታድራለች። ስትመለስ እናትየው ሹራቧን ልስቀልልሽ ብላ ትቀበላትና መስቀያው ጋ ስትደርስ ጀርባዋን ሰጥታ ታሸተዋለች። የሌላ ቤት ሳሙና ይሸታል። አንድ ጊዜ የተቀደደ ኪሷ ተሰፍቶ መጣ። እናትየው ስፌቱን ወደ መብራት አስጠግታ መረመረችው። ጠማማ ቢሆን ኖሮ እንዴት በተደሰተች። ቀጥ ያለ ነበር። ቁጭ ብላ ፈታችውና እንደገና ሰፋችው።

አንድ እሑድ ሚጡ ጣቷ ሎሚ ሎሚ እየሸተተ መጣች።

«ምን በላችሁ?» አለች እናት፣ ግድ እንደሌላት ሰው።

«ዲፕ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የሜክሲኮ ዓይነት ነው። በቺፕስ እየጠቀስሽ ነው የምትበይው። እትዬ ናት የሠራችው። እማ፣ ብታዪው ደግሞ፤ በመስታወቱ ድርብርቡ ይታያል።»

«ማጥቀሻ ነዋ።»

«ዲፕ ነው።»

«እሺ፣ ዲፕ። ሆድሽን አልቆረጠሽም?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩም።»

የቆረጠው የእናትየውን ሆድ ነው። ከዚያ ወዲህ ዲፕ የሚሉት ነገር ከቤቱ አልወጣ አለ። እራት ሲቀርብ «ከዲፕ ጋር ቢሆን»፣ ቲማቲም ሲገዛ «ለዲፕ ይሆን ነበር»። እናትየው ጥርሷን ነክሳ ትሰማለች፤ ስትሰማም መርፌዋን ከሚገባው በላይ ትስብና ክሯ ይበጠሳል።

የሚጡ ልደት ሲቃረብ ልጅቷ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም።

«እማ፣ ልደቴን አባዬ ቤት ላድርገው?»

እናትየው የትራስ ልብስ እየሰፋች ነበር፤ በከንፈሯ ስፒሎች ይዛለች። አንድ በአንድ አወጣቻቸውና መሰኪያው ላይ ሰካቻቸው።

«ለምን?»

«እትዬ ዲፕ ትሠራለቻ። ለጓደኞቼ ነግሬያቸዋለሁ።»

«እዚህ ይሁን። እኔ እሠራዋለሁ።»

ሚጡ እናቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ማመዛዘኗ ነው። «ትችያለሽ?»

«ሶፋ መሰለሽ እንዴ? ማጥቀሻ ነው።»

«እሺ። ግን ካላማረ ከአሁን በኋላ ልደቴ እዚያ ነው የሚሆነው፣ እሺ?»

«እሺ።»

እሺ ማለቱ ቀላል ነበር፤ ነገሩ ግን ሆዷ ገባ። ልደቱ ወደዚያ ከዞረ የትምህርት ቤት ዕረፍቱም ይዞራል። ዕረፍቱ ከዞረ መጻሕፍቱ ይከተላሉ፣ ከዚያ ልብሱ፣ ከዚያ አልጋው። ይህን ሁሉ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አስቀምጣ ታየዋለች። እብደት ነው ቢሏት አትቀበልም፤ ቅናት ሲይዛት ሒሳቧ ሁልጊዜ እንዲህ ፈጣን ነው።

በማግስቱ ሥራ ቦታ አናጢው ፊቷን አየና መሮውን አስቀመጠ።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ ልጅ? ስቴፕለሩን የምትመቺው እንደ ጠላት ነው።»

ነገረችው።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ደውለሽ ጠይቂያታ።»

«እሷን ከምጠይቅ ስፖንጅ ብበላ ይሻለኛል።»

«ስፖንጁን በምን እየጠቀስሽ?» አለና ሳቁን እንጨቱ ላይ እፍ አለው።

ያቺን አልጠየቀቻትም። ልጇን ጠየቀች። ማታ ሳህን እያጠቡ «ለመሆኑ ከላይ ያለው ምንድን ነው?» አለቻት። ሚጡ እርጥብ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረችላት፤ ቺዝ፣ ከዚያ ቲማቲም፣ ከዚያ እርጎ፣ ከዚያ አቮካዶ፣ መጨረሻ ቦሎቄ። ልጅቷ የነገረቻት ዓይኗ ሲወርድ ያየውን ነው። እናትየው የሰማችው የሥራውን ቅደም ተከተል ነው። ምኑ ይገርማል? ፊቱ ቺዝ፣ ስፖንጁ አቮካዶና እርጎ፣ ጣውላው ቦሎቄ። ፊቱን ደፍተህ ትጀምራለህ፣ ጣውላውን ጭነህ ትገለብጣለህ። እንዲያውም «ይቺማ የኔው ሥራ ናት» ብላ ልቧ ሞቅ አለ።

የልደቱ ቀን ኩሽናው እንደ ሥራ ቦታዋ ተደርድሮ ነበር። ቢላው ተስሏል፣ ጨርቁ ታጥቧል፣ የጠረጴዛው የፕላስቲክ ልብስ ተወጥሯል። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ሲቀመስ እንከን አልነበረውም። ቺዙን ሳህኑ ቂጥ ላይ አነጠፈች። ቲማቲሙን፣ እርጎውን፣ አቮካዶውን አስከተለች። ቦሎቄውን መጨረሻ ላይ አድርጋ በመዳፏ ጠበቅ፣ ጠበቅ አድርጋ ጫነችው። ሰፊ ትሪ ከላይ ደፋች፣ ሁለቱን አንድ ላይ ያዘች፣ ገለበጠች።

አልወረደም። ስፖንጅ ሲያንገራግርባት እንደምታደርገው የሳህኑን ቂጥ መታ መታ አደረገችው። ያኔ ወረደ።

ቦሎቄው፣ ሀቁን ለመናገር፣ በሥርዓት ተቀመጠ። አቮካዶው ግን በአንድ ጎን አመለጠ፤ እርጎው ተከተለው። ቲማቲሙ በእርጎው ላይ እየተንሸራተተ ከትሪው ጠርዝ ወጥቶ የፕላስቲኩን ልብስ ተከትሎ ወለሉ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ቺዙ ደግሞ ጭራሽ አልመጣም፤ ሳህኑ ቂጥ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ሚጡ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳለች።

«እማ፣ ለምን ገለበጥሽው?»

«ፊቱ እንዲወጣ ነዋ።»

«እትዬ እኮ አትገለብጠውም። ከታች ነው የምትጀምረው።»

«አንቺ ከላይ ጀምረሽ ነው የነገርሽኝ።»

«የጠየቅሽኝ ከላይ ያለውን ነዋ።»

ሚጡ አላለቀሰችም፤ አልተነጫነጨችም። ረጋ ብላ፣ ሰው እንደምታጽናና ሆና «ለእትዬ ልደውልላት?» አለች። ብትጮኽባት ይሻላት ነበር።

«እኔ እደውላለሁ» አለች እናት።

ቁጥሩ ስልኳ ላይ ነበረ፤ ለክፉ ቀን ብላ ያስቀመጠችው ነው። አንድም ቀን ደውላበት አታውቅም። እጇን ጨርቅ ላይ ጠረገችና ደወለች።

«ሄሎ» አለች ያቺ ወዲያው። «ሚጡ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። ማጥቀሻው ነው።»

«ምን ሆነ?»

«ተገለበጠ።»

«ወደቀ?»

«አልወደቀም። ገለበጥኩት።»

ሶፋ ሠሪዋ ሳቅ ጠበቀች። በእውነቱ ከሆነ ሳቁን ፈልጋዋለች፤ ብትስቅ ኖሮ ስልኩን ዘግታ ዕድሜዋን ሙሉ በሰላም ትጠላት ነበር። ያቺ ግን አልሳቀችም።

«ቦሎቄ ተርፏል?»

«ቦሎቄው ምንም አልሆነም። እርጎም ቲማቲምም አለ።»

«አቮካዶስ?»

«የለም።»

«እኔ ጋ የበሰለ አለ። መጣሁ።»

ልጆቹን ወደዚህ ላኪያቸው ማለት ትችል ነበር። ሶፋ ሠሪዋ ያንን ቃል ጆሮዋን አቁማ ስትጠብቅ ስልኩ ተዘጋ። ሳይመጣ በመቅረቱ ደስ ሊላት ሲገባ ይበልጥ ከነከናት። ሰው እንዴት በዚህም ይበልጣታል?

ያቺ ከረጢት አንጠልጥላ፣ ፀጉሯን በጨርቅ አስራ መጣች። ወለሉ ላይ ያለውን አይታ እንዳላየች አለፈችው። «የት ልታጠብ?» ብላ እጇን እስከ ክንዷ፣ በጣቶቿ መሐል ሳይቀር፣ መድኃኒት እንደምትቀምም ታጠበች። አምሮባታል። ይህም ሶፋ ሠሪዋን አናደዳት፤ የራሷ አውራ ጣት በመርፌ ጠባሳ የተዥጎረጎረ ነው።

ሥራ ተከፋፈሉ። ያቺ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አቮካዶውን መደፍጠጥ ጀመረች። ሶፋ ሠሪዋ ቺዝ ትፈቀፍቃለች። ከዚያ ያቺ ሹካዋን አቆመች፤ ወንበሩ ላይ ወደ ቀኝ ዘመም፣ ወደ ግራ ዘመም አለች፤ አንድ ነገር የምታዳምጥ ትመስላለች።

«ይሄን አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«አይጮኽም።»

«ለምን ይጮኻል?»

«የኛ ሶፋ ይጮኻል።» ሹካዋን መልሳ አቮካዶው ላይ ሰካችው። «ሚጡ በተቀመጠች ቁጥር ‹የእማ አይጮኽም› ትላለች። ሁለት ጊዜ ሰው አምጥተን አሠራነው። ፊልም እያየን ነው፤ ዘወር ስትል ይጮኻል፤ ‹የእማ አይጮኽም›። እንግዳ ፊት። ቁርስ ላይ። አንድ ቀን አሮጌ ዕቃ ለሚገዛው ሰጥቼ መሬት ላይ ነው የምቀመጠው።»

ይህን ስትል አቮካዶውን ከሚገባው በላይ ደፈጠጠችው፤ ጉብጉብ ያለ አንድም አልቀረ፤ እንደ ቅባት ለሰለሰ። ሶፋ ሠሪዋ አንገቷን መፈቅፈቂያው ላይ ደፋች፤ ፊቷ ላይ የመጣው ነገር እንዳይታይባት። ቅናት በራሷ ሆድ ውስጥ ሲሆን ያቃጥላታል፤ ሌላ ሰው ፊት ላይ ስታየው ግን እንዴት አሞቃት መሰላችሁ። እዚያ ቤት፣ የሚጮኸው ሶፋ ላይ፣ ስሟ በየቀኑ ይነሳ ኖሯል።

«አለሰለስሽው» አለች፣ በአገጯ ወደ አቮካዶው እያሳየች። አንቺ ማለቷን ያወቀችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

«ውይ። በቃ ይሁን እንግዲህ።»

ያቺ ቦሎቄውን ከታች አደረገች። ሶፋ ሠሪዋ ዓይኗን ሳትነቅል አየች። የበሩ ደወል ሲደወል የመጨረሻው ቺዝ እየተበተነ ነበር።

ልጃገረዶቹ ሳሎኑን ሞሉት። ሦስቱ አንድ የሶፋ መደገፊያ ላይ ተጋፍተው ተቀመጡ፤ ምንም አልጮኸም። ሳህኑ ሲቀርብ ቺፕሱ መንኮሻኮሽ ጀመረ። ሁለቱ ሴቶች ኩሽና ናቸው፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ያቺ ቧንቧው ሥር ማጥቀሻው የተበላሸበትን ትሪ ታጥባለች። ሶፋ ሠሪዋ ወለሉን ትወለውላለች።

«ይሄን ማን ነው የሠራው?» አለች አንዷ ልጅ፣ አፏ እንደሞላ።

«እማ» አለች ሚጡ።

ለአፍታም አላመነታችም። ውሃው መውረዱን ቀጠለ፤ ከሥሩ ያሉት የያቺ እጆች ግን ቆሙ። ሶፋ ሠሪዋ አየቻቸው። ያንን መቆም ታውቀዋለች፤ የሚጡን የተሰፋ ኪስ ብርሃን ላይ የያዘች ጊዜ የራሷም እጅ እንደዚያው ቆሞ ነበር። በሩን ገፋ አድርጋ «እትዬ ናት» ማለት ነበረባት። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

ያቺ ቧንቧውን ዘጋች፤ እጇን አደረቀች።

«ወደውታል» አለች።

«ወደውታል» አለች ሶፋ ሠሪዋ።

በሩ ድረስ ሸኘቻት። አንዱ እግሯ ከወጣ በኋላ ጠራቻት።

«ሶፋውን አምጪልኝ።»

«የቱን?»

«የሚጮኸውን። ምንም አልፈልግም። አምጪልኝ ብቻ።»

ሶፋው መጣ። ሶፋ ሠሪዋ ከአናጢው ጋር ገልብጣ የታችኛውን ጨርቅ ቀደደችው። ጥፋቱ ወዲያው ታየ፤ ስፕሪንጎቹን ከአጽሙ ጋር የሚይዙት ብረቶች ባዶ እንጨት ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰው በተቀመጠ ቁጥር ብረት እንጨቱን ይፍቃል። ቀድሞ የሠሩት ሰዎች ሚስማር ሲጨምሩበት ነው የኖሩት። ከእያንዳንዱ ብረት ሥር ቁራጭ ቆዳ ማስገባት ነው፤ ሌላ መላ የለውም። ብረቱን ታላላለች፣ ቆዳውን ታስገባለች፣ ታጠብቃለች፣ ወደሚቀጥለው። እንደዚያ ጠንቅቃ የማንንም ሶፋ ሠርታ አታውቅም። ያን የዋጠችውን ቃል በቆዳ መክፈሏ ነበር።

አናጢው ጎንበስ ብሎ ተመለከተ።

«አንዷ ቀረችሽ። ግራ ጥግ ላይ።»

«አየኋት።»

«ረስተሽ ነው?»

«ረስቼ አይደለም።»

ሚጡን ቀደም ብላ የት እንደምትቀመጥ ጠይቃታለች። ግራ ጥግ ላይ ነው፤ እግሯን አጥፋ። አናጢው የእሷን ፊት አየ፣ ብረቷን አየ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ። «እኔ ዓይኔ ደክሟል» አለና ወደ መሮው ተመለሰ። እሷም የታችኛውን ጨርቅ መታችበት።

ልደቱ እስከዛሬ እናትየው ቤት ነው። ማጥቀሻውን አሁን ብቻዋን ትሠራዋለች፤ ቦሎቄው ከታች፣ አቮካዶው ጉብጉብ እንዳለ። ሚጡ እሑድ ስትመለስ ሹራቧን ትቀበላታለች።

«እማ፣ ሶፋው ጸጥ ብሏል እኮ። የኔ ጥግ ብቻ ናት የምትጮኸው። ያንቺ አይጮኽም።»

«ምን ታደርጊዋለሽ» ትላለች እናት፣ ሹራቡን እየሰቀለች። እያሸተተችም።

ይህን ለምታነቡ ሶፋ ሠሪዋ አንድ ልመና አላት። መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ እጇን እስከ ክንዷ የምትታጠብ ሴት ቤት ለእንግድነት ከሄዳችሁ ማጥቀሻውን ብሉላት፤ አመስግኗት፤ ጥሩ ነው፣ አቮካዶውን ከማለስለሷ በቀር። ግራ ጥግ ላይ ተቀምጣችሁ ከበታቻችሁ ከጮኸ ግን ጎንበስ ብላችሁ አትዩ። አንዲት ቁራጭ ቆዳ እንደጎደለች ለማንም አትንገሩ፤ ለሚጡማ በፍጹም። እባካችሁ።